«ብራህማስትራ አቶሚክ ቦምብ ነበር» ለምትሉ፦ መጀመሪያ ምዕራፉ ይምጣ

#1 የቀመር_ሰው

በማሃባራታና በራማያና (የሕንድ ጥንታዊ ረጃጅም የጀግንነት ግጥሞች) ውስጥ አውሮፕላን፣ ኒውክሌር ቦምብ («ብራህማስትራ» የሚባለው የአማልክት መሣሪያ) እና የቤተ ሙከራ ሕፃን አለ የሚል ጽሑፍ እዚህ መድረክ ላይ ደጋግሞ ይለጠፋል። ከሥሩ ግማሹ ሰው «የጥንቶቹ ይበልጡን ነበር» ይላል፣ ግማሹ ይስቃል፤ መጽሐፉን የከፈተ ግን የለም። በዚህ ክር አንድ ደንብ ይኑረን፦ ፊዚክስ ከመምጣቱ በፊት ጥቅሱ ከነምዕራፉ ይቅረብ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ማሃባራታ «ፓርቫ» የሚባሉ 18 መጻሕፍት አሉት። ለፍለጋ የሚመቸው ከ1883 እስከ 1896 የወጣው የኪሳሪ ሞሃን ጋንጉሊ የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ የባለቤትነት መብቱ ስላለፈ በነፃ ይገኛል። እዚያ ያገኛችሁትን ፑኔ በሚገኘው የባንዳርካር ተቋም ከ1919 እስከ 1966 ከተዘጋጀው እትም ጋር አመሳክሩ። ከ1,200 በላይ የእጅ ጽሑፎች ተነፃፅረውበታል። የፈለጋችሁት ስንኝ እዚያ ከዋናው ንባብ ወጥቶ ግርጌ ላይ ከተቀመጠ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ አካባቢ ወይም በኋላ ዘመን የገባ ነው።

በጣም ከሚዞረው እንጀምር። የዓለሙን ኃይል የያዘ አንድ ተወንጫፊ፣ እንደ አሥር ሺህ ፀሐይ የሚያበራ የእሳት ዓምድ፣ ፀጉርና ጥፍራቸው የረገፈ ሰዎች፣ ያለ ምክንያት የተሰነጠቁ ሸክላዎች... ይህ አንቀጽ በዚህ መልኩ ማሃባራታ ውስጥ የትም የለም። ከየቦታው ተለቅሞ የተሰፋ ነው።

ፀጉሩና ጥፍሩ የመጣው ከ16ኛው መጽሐፍ፣ ከማውሳላ ፓርቫ ምዕራፍ 2 ነው። ክፍሉ የሚናገረው ማሃባራታ ከሚተርከው ከታላቁ የኩሩክሼትራ ጦርነት 36 ዓመት በኋላ በሰው መልክ በመጣው አምላክ በክሪሽና ወገኖች፣ በቭሪሽኒዎች ላይ ስለታየ መጥፎ ምልክት ነው። መንገዱ በአይጥ ተሞላ፣ ሸክላው ያለ ምክንያት ተሰነጠቀ፣ ሌሊት ሰው ሲተኛ አይጦች ፀጉሩንና ጥፍሩን በሉት። የበላው አይጥ ነው! ኢንተርኔት ላይ በሚዞረው ቅጂ አይጦቹ ወጥተው ጨረር ገብቷል።

«መሣሪያው» ደግሞ የብረት ዘነዘና ነው። የክሪሽና ልጅ ሳምባ እርጉዝ ሴት መስሎ ጠቢባኑ ላይ ሊያሾፍ ሲቀርብ ረገሙት፤ ዘነዘና ወለደ። ንጉሡ አስፈጭቶ ባሕር ውስጥ አስጣለው። ወገኑ ያለቀው ፕራብሃሳ በምትባል የባሕር ዳርቻ ሰክረው ተጣልተው፣ የነቀሉት ሣር በእጃቸው ዘነዘና እየሆነ ሲቀጣቀጡበት ነው። ፍንዳታ የሚባል ነገር የለም። የ«ሺህ ፀሐይ» ንጽጽር ያለው የማሃባራታ ክፍል በሆነው በባጋቫድ ጊታ 11፥12 ላይ ሲሆን የሚናገረው ስለ ክሪሽና መለኮታዊ ገጽታ ነው። ሳንስክሪት የተማረው የአቶሚክ ቦምቡ ሳይንቲስት ኦፐንሃይመር የ1945ቱን የመጀመሪያ የቦምብ ሙከራ፣ ትሪኒቲን፣ ከዚያው ምዕራፍ ቁጥር 32 ጋር አያይዞ ስላነሳው፣ ጊታና ቦምቡ በሰው አእምሮ ውስጥ ተጣብቀው ቀሩ።

#2 ሮሃ_ቴክ

አይጡን ተቀብያለሁ፤ ግን ደካማውን መርጠህ ነው የመታኸው። 10ኛውን መጽሐፍ ሳውፕቲካ ፓርቫን ክፈት። ከተሸነፈው ወገን የሆነው ተዋጊ አሽዋታማ «ብራህማሺራስ» የሚባል የብራህማስትራ ዓይነት መሣሪያ ይለቃል፣ የአሸናፊዎቹ የፓንዳቫዎች ጀግና አርጁናም በዚያው ይመልስለታል። ይህ መሣሪያ በሌላ መሣሪያ የከሸፈበት አገር 12 ዓመት ዝናብ አያገኝም ተብሎ ተጽፏል። ከዚያም ፅንስ ላይ ይዞራል። ይህ የጨረር መግለጫ ካልሆነ ምንድን ነው?

#3 የቀመር_ሰው

@ሮሃ_ቴክ አሁን ስለ ተጻፈ ነገር እያወራን ነው። ግን ሙሉውን እናንብብ። አሽዋታማ የሚለቀው አንድ ስንጥር ሣር ላይ ምትሃታዊ ቃል ደግሞ ነው። አርጁና የራሱን ከለቀቀ በኋላ መልሶ ይሰበስበዋል፤ አሽዋታማ ያልቻለው ራሱን የገዛ ሰው ስላልሆነ ነው ይላል። የተጀመረ የኒውክሌር ፍንዳታ ደግሞ አይመለስም፤ የሰንሰለቱ ሂደት ከአንድ ማይክሮ ሰከንድ ብዙም ሳይርቅ ያልቃል።

ዝናቡም ቢሆን በተቃራኒው ነው የሚመሰክረው። ሂሮሺማ ላይ በዚያው ቀን ጥቁር ዝናብ ዘንቧል። ጨረር ዝናብ አይከለክልም። ፅንሱን በተመለከተ፣ መሣሪያው ወደ ፓንዳቫ ሴቶች ማህፀን ሆን ተብሎ የተላከ ነው፤ ሌላው ሰው አጠገባቸው ቆሞ ምንም አይሆንም። ከሴቶቹ አንዷ ኡታራ የወለደችው ፓሪክሺትም በክሪሽና ቃል ይነሳል። ከአምስት ዝርዝር ሁለቱን ወስዶ ሦስቱን መተው የማንኛውም አገር ተረክ ላይ ይሠራል።

#4 ሰናይ_ላብ

ሞሄንጆ-ዳሮ (በዛሬዋ ፓኪስታን ያለችው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ) እስኪመጣ ስጠብቅ ነበር፤ ካልመጣ እኔው ላምጣው። «አጽሞቹ እንደ ሂሮሺማ ሰዎች ጨረር አላቸው» ይባላል። ከተማዋ የቆመችው በግምት ከ2500 እስከ 1900 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። እንግዲህ አስሉ። ከቦምብ በኋላ አጽም ውስጥ የምንፈልገው ስትሮንቲየም-90 ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ) 29 ዓመት አካባቢ ነው። በ4,000 ዓመት ውስጥ ከ130 ጊዜ በላይ ይገመሳል፤ አንድም አቶም አይተርፍም። ስለዚህ እውነተኛ ፍንዳታ ቢኖር እንኳ «አጽሙ እንደ ሂሮሺማ ይጨረራል» የሚለው ሊሆን አይችልም።

መፈለግ ያለበት ፕሉቶኒየም-239 ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 24,100 ዓመት ስለሆነ 89 ከመቶው ዛሬም አፈሩ ውስጥ ይኖር ነበር። ቀጥሎ በድንጋጤ ሞገድ የተሰነጣጠቀ ኳርትዝና የቀለጠ አሸዋ፣ ያውም በሰፊ ቦታ ላይ፣ በአንድ የአፈር ንብርብር ብቻ። ይህን ጥያቄ ስትጠይቋቸው የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ «ቀልጦ የተጣበቀ ሸክላ ተገኝቷል» ነው። ከመጠን በላይ የጋለ የሸክላ ምድጃም ያንኑ ያወጣል፤ እዚያ ከተማ ውስጥ ደግሞ ምድጃ ሞልቷል።

አጽሞቹ ወደ 40 የሚጠጉ ናቸው፤ በአንድ ቀን የሞቱም አይደሉም። አርኪዮሎጂስቱ ጆርጅ ዴልስ በ1964 ንብርብሮቹን ለይቶ ጅምላ ግድያ የሚባለውን ጭምር ውድቅ አድርጎታል፤ ቦምቡ ይቅርና።

#5 ጉድ_ፈላ

ለአይጡ ግን ኖቤል ይገባው ነበር 😂

#6 ሞተረኛው

ቪማናው ላይ፣ ማለትም በራሪው ሠረገላ ላይ ልግባ። ብዙ ሰው ሁለት ጽሑፎችን ያምታታል። «ቫይማኒካ ሻስትራ» የሚባለው ጥንታዊ አይደለም። ሱባራያ ሻስትሪ የተባሉ ሰው ከ1918 እስከ 1923 በቃል ያስጻፉት ሲሆን ሥዕሎቹን የሠራው የባንጋሎር ንድፍ ሠሪ ነው። በ1974 የሕንድ ሳይንስ ተቋም ኤሮኖቲክስ ባለሙያዎች መርምረውት፣ ቋንቋው አዲስ፣ ጂኦሜትሪውም የማይበር ሆኖ አገኙት። ትንሽ ትርጉም የሰጣቸው «ሩክማ» የሚባለው ብቻ ነው፤ ከላይ ማራገቢያ አየር እየሳበ በቁም ቱቦዎች ወደ ታች ይገፋል። ያ ሐሳብ ለ1920ዎቹ ሰው እንግዳ አይደለም።

ሁለተኛው ግን እውነተኛ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ነው። ዳር በምትባል የሕንድ ከተማ የነገሠው ቦጃ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ያዘጋጀው «ሳማራንጋና ሱትራዳራ» ምዕራፍ 31 ስለ መሣሪያዎች ይናገራል። ከቀላል እንጨት ትልቅ ወፍ ሥራ፣ ሆዱ ውስጥ የሜርኩሪ ዕቃ ከእሳት በላይ አስቀምጥ፣ ሰው ተቀምጦበት ይበራል። ዝርዝሩን ሆን ብሎ እንደደበቀው ራሱ ይናገራል፤ ይህች ናት ለዩቲዩበሮቹ በር የከፈተችው።

እሺ፣ የምንችለውን ያህል እናግዘው። ሜርኩሪ የሚፈላው 357 ዲግሪ ላይ ነው። እንፋሎቱ ፍጹም በሆነ አፍንጫ ቢወጣ እንኳ በዚያ ሙቀት ከ360 ሜትር በሰከንድ ብዙም አያልፍም፤ አቶሙ ከባድ ስለሆነ። የውሃ እንፋሎት በተመሳሳይ ሙቀት 4 እጥፍ ይፈጥናል። ከነሰውዬው 500 ኪሎ የሚመዝን ወፍ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ለመቆም ወደ 4,900 ኒውተን ግፊት ይፈልጋል፤ ይህም በሰከንድ 13.6 ኪሎ ሜርኩሪ፣ አንድ ሊትር መሆኑ ነው። ከ500ው ኪሎ 300ው ሜርኩሪ ቢሆን እያለቀ ሲሄድ እንደሚቀል ሁሉ ተቆጥሮለት ከ35 ሰከንድ በታች ነው የሚቆየው። ያን ሁሉ ለማትነን የሚፈጀው ኃይል 4.6 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፤ ሙቀቱ አንዲት ጠብታ ሳይባክን በደቂቃ ከ18 ኪሎ በላይ ደረቅ እንጨት ማለት ነው። ወፉ የተሠራው ደግሞ ከእንጨት ነው። አብራሪው የሚተነፍሰውን ጭስ አላነሳሁም።

#7 ሮሃ_ቴክ

@ሞተረኛው ናሳ ራሱ የሜርኩሪ ሞተር ሠርቷል። ሰርት 2 የሚባለው የሙከራ መንኮራኩር፣ በ1970። ይህን ለምን ዘለልከው?

#8 ሞተረኛው

አልዘለልኩትም፣ ሌላ ነገር ስለሆነ ነው። እሱ አዮን ሞተር ነው፤ ሜርኩሪውን በኤሌክትሪክ አዮን አድርጎ በኤሌክትሪክ መስክ ያፈጥነዋል፣ እሳት የለበትም። የሚሰጠው ግፊት 28 ሚሊ ኒውተን ነበር፤ 3 ግራም የማይሞላ ነገር ያነሳል። የሚሠራውም ባዶ ጠፈር ውስጥ፣ ለወራት በዝግታ እየገፋ ነው። ናሳ ሜርኩሪን የመረጠው አቶሙ ከባድ ስለሆነ ነው፤ ማለትም የቦጃን ወፍ የሚገድለው ያው ባሕርይ። በኋላ መርዛማነቱና የሚበክለው ነገር ስለበዛ ወደ ዜኖን ተዞረ።

#9 ስምንተኛው_ሺ

የራማያናው ጀግና ራማ ወደ ላንካ ለመሻገር አሠራው የሚባለው ድልድይስ? ሕንድንና ስሪ ላንካን የሚያገናኘው መስመር ከሳተላይት ይታያል እኮ። ናሳም ሰው ሠራሽ ነው ብሏል።

#10 የቀመር_ሰው

@ስምንተኛው_ሺ ናሳ አላለም። ፎቶው የእነሱ ነው፣ ትርጓሜው በ2002 የተሠራጨው በሌሎች ነው፤ እነሱ ከምህዋር የተነሳ ፎቶ የመስመሩን ዕድሜም ሠሪም አይነግርም ብለው መልሰዋል። መስመሩ የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ደለል ሲሆን ከፓምባን ደሴት እስከ ማናር ደሴት 48 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ጥቅሱ ግን ደስ ይላል። በስፋት በሚነበበው የቫልሚኪ ራማያና ቅጂ፣ በዩድሃ ካንዳ (የጦርነቱ መጽሐፍ)፣ ናላ የሚባለው ዝንጀሮ ሥራውን ይመራል። ዛፍና ቋጥኝ ይወረወራል፣ አንዳንዶቹ መስመሩ እንዳይጣመም ገመድ ወጥረው ይይዛሉ። የመጀመሪያው ቀን 14 ዮጃና (የጥንት የርቀት መለኪያ)፣ ከዚያ 20፣ 21፣ 22፣ 23፤ ድምሩ ልክ 100። ወርዱ 10 ዮጃና። ድንጋዩ የራማ ስም ተጽፎበት ተንሳፈፈ የሚለውን እዚያ አትፈልጉት፤ የኋላ ትውፊት ነው። (ራሜሽዋራም ላይ የሚታዩት ተንሳፋፊ ድንጋዮች አረፋማ ድንጋይ ወይም ባለ ቀዳዳ ኮራል ናቸው። መመዘን፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ የገፋውን ውሃ መለካት፣ ክብደቱን ለይዘቱ ማካፈል፤ ከ1 በታች ከሆነ ይንሳፈፋል። ቀዳዳዎቹ ውሃ ሲጠጡ ይሰምጣል።)

አንድ ዮጃና ስንት ነው? ሱርያ ሲድሃንታ የሚባለው የጥንት የሥነ ፈለክ መጽሐፍ የመሬትን ዲያሜትር 1,600 ዮጃና ይላል፤ በዛሬው 12,742 ኪሎ ሜትር ስናካፍለው አንዱ 8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የሥነ ፈለክ ሊቁ አርያባታ ያንኑ ዲያሜትር 1,050 ብሎታል፤ አንዱ 12 ኪሎ ሜትር መጣ። ትንሹን ብንወስድ እንኳ ድልድዩ 800 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 80 ኪሎ ሜትር ወርድ አለው። የዛሬው 48 ኪሎ ሜትር ደለል የድልድዩን ወርድ እንኳ አያክልም። ለማገጣጠም ዮጃናን ወደ ግማሽ ኪሎ ሜትር ማውረድ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ መሬት የ800 ኪሎ ሜትር ኳስ ትሆናለች።

#11 ሰናይ_ላብ

ዮጃና ከተነሳ «የጥንት ሕንዶች የብርሃንን ፍጥነት ያውቁ ነበር» የሚለውንም እዚሁ እንጨርሰው። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ሳያና በሪግ ቬዳ (የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ) 1.50.4 ማብራሪያው ላይ ፀሐይ በግማሽ ኒሜሻ (ዓይን የሚጨፈንበት ያህል ጊዜ) 2,202 ዮጃና ትጓዛለች ይላል። የሚባለው ስለ ፀሐይ ነው፤ ይሁን፣ ብርሃን ነው እንበል።

ኒሜሻን 16/75 ሰከንድ፣ ዮጃናን 14.5 ኪሎ ሜትር ስታደርጉ 299,000 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ይመጣል፣ ጭብጨባ። አሁን የሱርያ ሲድሃንታን 8 ኪሎ ሜትር አስገቡ፦ 165,000። አርያባታን አስገቡ፦ 250,000 ገደማ። የኒሜሻ አከፋፈሉንም የማኑ የሕግ መጽሐፍ ወደሚሰጠው 18 ኒሜሻ ለአንድ ካሽታ (ከኒሜሻ የሚበልጠው የጊዜ መለኪያ) ቀይሩ፤ 14.5ቱ ይዞ 359,000 ይደርሳል። ሁለት ቁልፍ እንደፈለጉ እያዞሩ የታወቀ መልስ ላይ ማቆም ልኬት አይደለም። ፈተናው ቀላል ነው፦ መልሱን ከማየታችሁ በፊት ዮጃናውን ምረጡና አትንኩት።

#12 ኮከብ_ቆጣሪ_አይደለሁም

የኩሩክሼትራ ጦርነት መቼ እንደነበር ደግሞ የጥንቱን ሰማይ መልሶ በሚያሳይ የፕላኔታሪየም ሶፍትዌር የሚያሰሉ አሉ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ የሚበላሸው አሠራሩ ላይ ነው።

አንደኛ፣ የዓመት ቁጥር። ሶፍትዌሩ ዜሮ ዓመት አለው፤ 3067 ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለት -3066 ነው። ብዙ የዩቲዩብ ምስል እዚህ ላይ አንድ ዓመት ስቷል። ሁለተኛ፣ የመሬት ሽክርክሪት እየቀነሰ ስለሆነ በ3000 ከክርስቶስ ልደት በፊት የሰዓት ልዩነቱ ተደምሮ 20 ሰዓት ያህል ይደርሳል። ይህ በግምት የሚሞላ ቁጥር ነው። አንድ ሰዓት ስትሳሳቱ የግርዶሹ ጥላ 15 ዲግሪ ይዘዋወራል፤ በኩሩክሼትራ ኬክሮስ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። «ግርዶሹ ከኩሩክሼትራ ሙሉ በሙሉ ይታያል» የሚል ምስል ሲያሳዩዋችሁ በየትኛው ልዩነት እንዳሰሉት ጠይቁ።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፤ ጽሑፉ ራሱ አይስማማም። ቢሽማ ፓርቫ ውስጥ ሳተርን ሮሂኒን ያስጨንቃል ይላል (ሮሂኒና ቪሻካ የሰማይ የኮከብ ክፍሎች ናቸው)፤ እዚያው አካባቢ ሳተርንና ጁፒተር ቪሻካ አጠገብ ናቸው ይላል። ከሮሂኒ እስከ ቪሻካ 160 ዲግሪ ነው። ሳተርን ዙሩን በ29 ዓመት ተኩል የሚጨርስ ስለሆነ ያን ርቀት ለመሄድ 13 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ማንም ቀን ሲያወጣ አንዱን ጥሎ ነው። የሚጥሉት የተለያየ ስለሆነም ነው አንዱ 3067፣ ሌላው 5561 የሚለው።

3102 ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚለውስ? እሱ የካሊ ዩጋ (በሂንዱ አቆጣጠር አሁን ያለንበት ዘመን) መነሻ ሆኖ ወደ ኋላ የተሰላ ነው። አርያባታ ከዚያ መነሻ 3,600 ዓመት ሲያልፍ 23 ዓመቴ ነበር ስላለ 499 ዓ.ም. ላይ ያሳርፈናል። በ634 የተቀረጸው የአይሆሌ ጽሑፍም ከባራታ ጦርነት 3,735 ዓመት ቆጥሯል፤ አንድ ሒሳብ ነው። ሌላው የጥንት ትውፊት ደግሞ 2449 ይላል። ጥንታውያኑም አልተስማሙም።

#13 የአብነት_ልጅ

ክሩን ስከታተል የራሳችን ነገር ትዝ አለኝ። ክብረ ነገሥት ምዕራፍ 30 መጨረሻ ላይ ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ በነፋስ የሚሄድ ዕቃ ሰጣት ይላል። ከምዕራፍ 52 ወዲያም የቀዳማዊ ምኒልክ ሠረገሎች ከምድር አንድ ክንድ ከፍ ብለው የ13 ቀን መንገድ በአንድ ቀን ሄዱ። ይህንንም «የኢትዮጵያ አውሮፕላን» እያሉ የሚያዞሩት አሉ። ለእሱስ ደንቡ ይሠራል?

ልጨምር፦ በእኛም ቤት ንባብ ቤት ሳያልፉ ትርጓሜ ቤት አይገባም። አንድምታው አሥር ሊሆን ይችላል፤ ንባቡ ግን አንድ ነው፣ ቀድሞ ይጠናል።

#14 የቀመር_ሰው

@የአብነት_ልጅ ይሠራል እንጂ። እዚያ ያለው ኃይል ተገልጿል፤ የሚያነሳቸው ቅዱስ ሚካኤል ነው፣ የሚሄዱትም ታቦቱ አብሯቸው ስላለ ነው። ደራሲው ምን እየተናገረ እንደሆነ ያውቃል። በሞተር ስንተካው የጸሐፊውን ዋና ነገር፣ ታቦቱን፣ ጭነት አደረግነው። ለፑሽፓካም እንደዚያው፤ ራማን ከላንካ ወደ አዮድያ የመለሰው ቪማና የባለቤቱን ሐሳብ እያወቀ የሚሄድ ነው፤ ነዳጅ የሚጠይቀው ሰው የለም።

#15 ጉድ_ፈላ

በማሃባራታ የንግሥት ጋንዳሪ መቶ ልጆችስ? በ2019 ጃላንዳር ላይ በሕንድ ሳይንስ ጉባኤ አንድ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ስቴም ሴልና የቤተ ሙከራ ሕፃን ነው አሉ።

#16 ሰናይ_ላብ

አዲ ፓርቫ፦ ጋንዳሪ 2 ዓመት አርግዛ ሆዷን ስትመታ እንደ ብረት የጠጠረ ሥጋ ወጣ። ጠቢቡ ቪያሳ ቀዝቃዛ ውሃ አስረጨበት፣ አውራ ጣት በሚያክሉ 101 ቁርጥራጮች ተለያየ፣ እያንዳንዱ ንጥር ቅቤ በሞላ ማሰሮ ገባ። 100 ወንድና አንዲት ሴት፣ ዱህሻላ። ንጥር ቅቤ ውስጥ ውሃ የለም፣ ስኳርም ኦክስጅንም አያመላልስም፤ ሕዋስ እዚያ ሊቆይ እንጂ ሊያድግ አይችልም። ቅቤው የተመረጠው በመሥዋዕት እሳት ላይ የሚፈስ ቅዱስ ነገር ስለሆነ ይመስለኛል።

የሚያናድደው፣ እውነተኛው ነገር አጠገባቸው ተቀምጧል። ሱሽሩታ ሳምሂታ የሚባለው የጥንት የሕክምና መጽሐፍ የተቆረጠ አፍንጫ ከጉንጭ በተወሰደ ቆዳ መቀጠልን ደረጃ በደረጃ ይገልጻል። የሕንድ ሐኪሞች ከግንባር ቆዳ አውርደው ሲሠሩ በ1794 የለንደን መጽሔት ላይ ወጣ፤ ካርፒዩ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1814 ያንኑ ዘዴ ሠራበት። የዴልሂው የብረት ዓምድም ከ6 ቶን በላይ ሆኖ 1,600 ዓመት ገደማ ያልዛገው ብረቱ ውስጥ ፎስፎረስ ስለበዛ ነው። ለዚህ ቪማና አያስፈልገውም።

#17 ሮሃ_ቴክ

በሌላው ልክ ናችሁ እንበል። ድሮና ፓርቫ ላይ ግን አልጨረስንም፤ ናራያናስትራ የሚባለውን መሣሪያ አመጣለሁ። ከሰማይ ላይ ሺህ የሚነድ ነገር ይዘንባል፣ ኢላማውን እየተከተለ። ሚሳይል ነው።

#18 የቀመር_ሰው

አምጣው፣ የምዕራፉን ቁጥር አትርሳ፤ መጽሐፉ ረጅም ነው፣ አንተ የምትፈልገው ወደ መጨረሻው ነው። ስትለጥፍ ክሪሽና ለሠራዊቱ የሰጠውን ትእዛዝም አብረህ ለጥፍ፦ ከሠረገላው የወረደና መሣሪያውን መሬት ያስቀመጠ አይነካም። የአርጁና ወንድም ቢማ እምቢ ብሎ ቆመ፣ መሣሪያው ሁሉ እሱ ላይ ዞረ፣ ጎትተው አወረዱት፣ በረደ። ኢላማው ትጥቅ መፍታቱን በምን እንደሚለይ የምታስረዳበት ዘዴ ካለህ ከነሒሳቡ እንየው።